ለሚስቴ አምሮት የጠበስኩት የአሳማ ጎድን

የአሳማ ሥጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የነካሁት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ደፍሬ አይደለም፤ ፈረንጅ ልምሰል ብዬም አይደለም። ሚስቴ አርግዛ እህል አልወርድ ስላላት ነው። ከዚህ ሌላ ምክንያት የሚነግራችሁ ሰው ካለ አትመኑት፤ በተለይ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰው ከሆነ።

አራተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ሰው ሁሉ «ሦስት ወር ሲያልፍ ይለቃታል» እያለ አጽናናን፤ ሦስቱ ወር አለፈ፣ እሷን ግን አልለቀቃትም። የሚረጋላት በረዶና ደረቅ ብስኩት ነበር፤ ብስኩቱም ቢሆን እንደ ቀኑ ነው። ሽንኩርት ገና ሳይላጥ ይሸታት ጀመር። ወጥ ስሠራ ከመኝታ ቤት ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ስለምትሮጥ፣ ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዤ ጋራዥ ገባሁ። ከመኪናው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሽሮ የማማስል ሰው ሆንኩ። መንገድ የሚያልፍ ሰው አይቶኝ ምን ይል ይሆን እያልኩ የጋራዡን በር እስከ ግማሽ አወርደው ነበር።

በሳቅ ብቻ የሚታለፍ ግን አልነበረም። ይህን ልጅ ሰባት ዓመት ጠብቀነዋል። ዶክተሯ ሚዛኑን አይታ፣ በሁለት ሳምንት ሰኞ ስንመለስ ክብደቷ እንዲሁ ቁልቁል እየወረደ ከሄደ ሆስፒታል ተኝታ ግሉኮስ እንደሚገባላት ነገረችን። በመኪና ስንመለስ፣ ሰፈራችን ፖይንት ኩክ ልንገባ ስንል ሚስቴ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ «መብላት እንዴት እንደሆነ እኮ ረሳሁት» አለችኝ። መሪውን እንደያዝኩ ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አንደኛው ሳምንት በከንቱ አለፈ። እሑድ ከአምልኮ ተመልሰን ጫማችንን እንኳ በደንብ አላወለቅንም። ጥር እዚህ ሙቀቱ የሚበረታበት ወር ነውና ሜልቦርን ውስጥ ምሳውን ቤት ውስጥ የሚያበስል ሰው የለም፤ ሁሉም ጓሮው ወጥቶ ይጠብሳል። ከአጥራችን ማዶ ያለው ሽማግሌ ጎረቤታችንም የሳምንት ልማዱን ይዞ ነበር። ሚስቴን ዞር ብዬ ሳያት የጓሮውን በር ይዛ ቆማለች፤ አፍንጫዋን ወደ አጥሩ ቀና አድርጋለች። ሊያስመልሳት ነው ብዬ ባልዲ ይዤ ሮጥኩ።

«ተወው» አለችኝ በእጇ እየገፋችኝ። «ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው?»

«የሰውዬው ጥብስ ነዋ። በሩን ልዝጋልሽ?»

«እንዳትዘጋው! መብላት እፈልጋለሁ።»

ይህችን ቃል ስሰማ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ሳትጠፋ ልያዛት ብዬ ባልዲውን ደፍቼ ላዩ ላይ ቆምኩና አንገቴን በአጥሩ ላይ አሻግሬ ሰላም አልኩት። ምን እንደጠበሰ ስጠይቀው «ፖርክ ቾፕ!» አለኝ፣ መቆንጠጫውን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ። ለሚስቴ ትንሽ እንዲያቀምሰኝ እንዳልለምነው ሳህኑ ላይ የቀረው አጥንት ብቻ ነበር። እሱም ገብቶት ይመስለኛል፣ የገዛበትን ልኳንዳ ነገረኝ። ከሱፐርማርኬት እንዳልገዛ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ።

ከባልዲው ስወርድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ቀለል ብሎኝ ነበር።

«አሳማ ነው» አልኳት፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አሳማ?»

«አሳማ።»

አጥሩን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ምራቋን ዋጠች። «እሱኑ አምጣልኝ» አለች።

እኛ ወንጌላውያን በዚህ ጉዳይ ትምህርታችን ሌላ፣ ሆዳችን ሌላ ነው። ምግብ ሰውን እንደማያረክስ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬአለሁ፤ ለሌላም አስተምሬአለሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮም ይኸው ትምህርት በተሰበከ ቁጥር አሜን ስል ኖሬአለሁ። ከአሜኑ በኋላ ግን ሁላችንም ወደ ዶሮ ወጣችን ነው የምንመለሰው። ሚስቴ ደግሞ አዲስ አበባ ረቡዕና ዓርብ በማይፈርስበት ቤት ያደገች ናት፤ እኔን ስታገባ ነው ወደ እኛ ቤተ ክርስቲያን የመጣችው። አሳማ ለሁለታችንም ምግብ አይደለም፤ ስድብ ነው።

አምሮት ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። እኔ ባደግኩበት በሆሳዕና አካባቢም ሆነ በሚስቴ ሰፈር፣ እርጉዝ አማረኝ ያለችውን የሚከለክል ሰው የለም። የማታውቃት መንገደኛ እንኳ ብትሆን ከሳህንህ ቆርሰህ ትሰጣታለህ። አምሮቷ ካልወጣ ያማራት ነገር ምልክት ሆኖ የልጁ ገላ ላይ ይወጣል ይባላል። ሰፈራችን አንገቱ ላይ ጉበት የሚያህል ጥቁር ምልክት የነበረው ሰው ነበር፤ እናቴ ባየችው ቁጥር የሰውየውን አባት ነበር የምትረግመው፣ «ጉበት የነፈጋት» እያለች። እኔ በዚህ አላምንም። ባላምንም ግን፣ ልጄ ግንባሩ ላይ የአሳማ ምስል ይዞ ሲወለድና እኔ አማቴ ፊት ቆሜ ሳስረዳ ታየኝ።

አማቴን ማንም ቢሆን ይፈራቸዋል። ኬንሲንግተን የሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡርና በአውቶቡስ ወደ እኛ ይመጣሉ። አጥሚቱን፣ ገንፎውን፣ ተልባውን በየዕቃው ይዘው ይመጣሉ፤ ሚስቴ ክዳኑ ገና ሲነሣ ትሮጣለች፤ እሳቸው ክዳኑን መልሰው ከድነው እኔን ያዩኛል። አንድ ልጃቸውን ጴንጤ አድርጌ እንደወሰድኩባቸው በአንድ ወቅት ነግረውኛል፤ ደግመው አልነገሩኝም፤ መድገም የሚያስፈልጋቸው ሴትም አይደሉም። እንግዲህ ለእኚህ ሴት ልጅ ነው አሳማ ልጠብስ የተነሣሁት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ግን አግብቼ ካረገዘች በኋላ ነው የቸገረኝ።

ማክሰኞ ልኳንዳው ሄድኩ። መሀል ከተማ በአንድ የቢሮ ሕንፃ በጥበቃ ስለምሠራ የከሰዓት ሺፍት ነበረኝ፤ ጠዋቱ የኔ ነው። ከመግባቴ በፊት የሐበሻ መኪና እንዳለ መኪና ማቆሚያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። የሐበሻ መኪና ምን እንደሚመስል ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ ግን ዞርኩት።

ባለ ልኳንዳው የማልታ ዘር ያለው፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ድምፁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰውዬ ነው። በምን ያህል ውፍረት እንዲቆርጥልኝ ሲጠይቀኝ ደንግጬ አውራ ጣቴን አሳየሁት። እሱም አሳማው ከየትኛው እርሻ እንደመጣ፣ እንዴት ያለ መስክ ላይ እየተሯሯጠ እንዳደገ ይተርክልኝ ጀመር። የሕይወት ታሪኩን ባልሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ጎድን በወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ጭምር እያወራ ነበር። እኔ በጃኬቴ ሥር ይዤው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የሠራሁትን ሥራ አሁን ሳስበው ራሴን እታዘበዋለሁ። እናቴ ዶሮ ስታጥብ ያየሁትን አስታወስኩና ጎድኑን ገንዳ ውስጥ ከትቼ በጨውና በሎሚ አሸሁት። አንድ ውሃ አፈሰስኩ፤ ደግሜ አሸሁ። ሰባት ውሃ ለቀቅኩበት። ከዚያ ዙሪያውን የከበበውን ነጭ ስብ አንድ ሳላስቀር ገፍፌ ጣልኩት፤ አጥንቱንም አወጣሁ። የቀረውን ለጥብስ እንደሚከተፍ ሥጋ ጥቃቅን አድርጌ ከተፍኩ። ጋራዥ ገብቼ መጥበሻ ላይ ጣድኩት፤ ሚጥሚጣ ነሰነስኩ፤ ክው ብሎ እስኪደርቅ ድረስ ከእሳት አላወረድኩትም። ከእንስሳው አንዲት ጠብታ አሳማነት እንዳይቀር ነው የደከምኩት፤ ተሳካልኝም።

ሚስቴ ጸጉሯን ሁሉ አስራ፣ ተዘጋጅታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳህኑን ፊቷ አስቀመጥኩ። አንዲት ቁራጭ በሹካ አንሥታ አሸተተችው፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሥጋውን አየች። «ይሄ አይደለም» አለች። ያንኑ ብላ ሮጠች። መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆሜ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ያ ለቅሶ የማስመለስ አልነበረም። አምሮት አማረኝ ብላ፣ አፍራ ጠይቃ፣ የመጣላት ነገር ያ ነው። እኔ ወደ ጋራዥ ተመለስኩና መጥበሻው ላይ የቀረውን ጮኬ ተሳደብኩ። አማርኛ በትምህርት ቤት የተማርኩት ቋንቋ ስለሆነ ቁጣዬ በአማርኛ አይመጣልኝም፤ በሀዲይኛ ነው የወረድኩበት።

ሐሙስ ተመልሼ ሄድኩ፤ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። ባለ ልኳንዳው ገና ከበሩ አየኝና «እህ፣ እንዴት ነበር?» አለ። መዋሸት ይቀለኝ ነበር።

«አልበላችውም» አልኩት።

«ምን አድርገህ ሠራኸው?»

በቅደም ተከተል ነገርኩት። ሎሚው ላይ ስደርስ ቢላዋውን አስቀመጠ። ሰባተኛው ውሃ ላይ ስደርስ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ስቡን ገፍፌ እንደጣልኩት ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ።

«ወዳጄ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ይሄ አሳማ ምን በድሎሃል?»

ይስቅ ጀመር። ሆዱ እስኪርገፈገፍ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን አብሬው እስቅ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ ሚስቴ እርጉዝ መሆኗን፣ አራት ወር ሙሉ እህል አለመቅመሷን፣ ሰባቱን ዓመት፣ የሰኞውን ቀጠሮ። ሳቁ ቆመ። እጁን በሽርጡ ጠረገና የራሱን ነገረኝ። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስታረግዝ ቲማቲምና የተጠበሰ ዳቦ ብቻ ነበር የምትበላው፤ እሱን ደግሞ ሥጋ ሥጋ ትሸታለህ እያለች ሳይታጠብ ወደ ቤት አታስገባውም ነበር። ጓሮ ቧንቧ ሥር በክረምት ይታጠብ እንደነበር ሲነግረኝ ትከሻውን ሰብቆ ብርዱን አሳየኝ። ደስ አለኝ፤ በዚህ መንገድ ላይ የሄድኩት እኔ ብቻ አይደለሁም።

ከዚያ ከማቀዝቀዣው ሙሉውን ወገብ አውጥቶ መክተፊያው ላይ ዘረጋውና ሁለት ወፋፍራም ጎድን ቆረጠ። ዳር ዳሩን የከበበውን ስብ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ሚስትህን ከአጥር ማዶ የጠራት ይሄ ነው» አለኝ። «አንተ ደግሞ እሱን ገፍፈህ ጣልክ።»

እንደ ተማሪ አቁሞ አስጠናኝ። ውሃ አይንካው፤ በወጥ ቤት ሶፍት ብቻ አድርቀው። ጨው አድርግበትና ማቀዝቀዣው ውስጥ ሸፍነህ ተወው፤ ሊጠበስ ሲል ብቻ አውጣው። ሌላ ቅመም አትጨምር፣ ሚስትህ የሸተታት ቅመም አይደለም። ግሪሉ በደንብ ይጋል። መጀመሪያ በጎኑ አቁመው፣ ስቡ ወደ እሳቱ፤ ወርቅ እስኪመስል ያዘው። ከዚያ አስተኛው፤ አንዴ ብቻ ገልብጠው። እርጉዝ ናትና ውስጡ መብሰሉን አይተህ አረጋግጥ፤ ጫማ እስኪሆን ግን አትጠብቅ። ካወረድከው በኋላ በፎይል ሸፍነህ አምስት ደቂቃ አሳርፈው። ይህን የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። «አምስት ደቂቃ አትነካውም፤ የመጣው ቢመጣ!» አለ።

ቅዳሜ አማቴ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው የሚመጡት። እኔ ስድስት ሰዓት ላይ ግሪሉን ለኮስኩ፤ ሰባት ሰዓት ሲሆን ሥጋው ተበልቶ፣ ግሪሉ ታጥቦ፣ ጓሮው ነፍሶበት ያልቃል ብዬ ነበር ያሰብኩት። ሚስቴ ከጥላው ሥር ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። አንዱን ጎድን ብቻ አወጣሁ። እንደ ማክሰኞው ቢሆን ሁለቱን ባንድ ጊዜ ከማበላሸት ብዬ ሌላውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ተውኩት።

ጎድኑን በመቆንጠጫ ይዤ በጎኑ አቆምኩት። ስቡ እሳቱን ሲነካ ጮኸ። ቀስ እያለ ላብ አወጣ፣ ከዚያ ጠርዙ ቀላ፣ ከዚያ መዓዛው ተነሣ። ያው የእሑዱ መዓዛ ነበር፤ ጣፋጭነት ያለው፣ ከጨው ጋር ተጠብሶ ቡናማ የሆነ ስብ መዓዛ። ሚስቴ ወንበሯን ወደ እኔ ጎተተች። «እሱ ነው» አለች፣ «እሱ ነው፣ እሱ ነው።» እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ የገዛ አፌ ምራቅ ሞላ። ዋጥኩትና አፈርኩ። አስተኛሁት፣ ገለበጥኩት፣ ከአጥንቱ አጠገብ በቢላዋ ጫፍ ከፈት አድርጌ ውስጡን አየሁ፤ በስሏል፣ ጭማቂውም ጥርት ብሏል። ሳህን ላይ አውርጄ በፎይል ሸፈንኩትና ስልኬ ላይ አምስት ደቂቃ ሞላሁ።

የጎን በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው።

«ከመንገድ ጀምሮ እየሸተተኝ መጣሁ!» አሉ አማቴ ዘንቢላቸውን እንደያዙ። «እንዴት ያለ ጥብስ ነው! ዛሬ ቀደም ብዬ ወጣሁ፤ ባቡሩም ቶሎ ደረሰልኝ። ምን ነው፣ የበግ ነው?»

ሚስቴ እኔን አየችኝ። እኔ ፎይሉን አየሁ።

«አይደለም እማማ። ይቀመጡ እስቲ።»

«የበሬ ነው?»

«የበሬም አይደለም።»

«ታዲያ የምንድን ነው?»

በአማርኛ መናገሩ ከበደኝና «ፖርክ ነው» አልኳቸው፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን የሚለሰልስ መስሎኝ። አማቴ ብዙ እንግሊዝኛ አይችሉም። ይህችን ቃል ግን እዚህ አገር ሲገቡ መጀመሪያ ያጠኗት እሷን ነው፤ በየሱፐርማርኬቱ መነጽራቸውን አድርገው ከየማሸጊያው ላይ እየፈለጉ የሚሸሿት ቃል ናት። ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። ከመንገድ ጀምሮ ያመሰገኑት ሽታ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ደግሞ ይበልጥ ተናደዱ።

«ርኩስ መንፈስ ማደሪያ ሲያጣ የገባበትን እንስሳ!» አሉ። «ሃይማኖቷን ወሰድክ፣ ዝም አልኩህ። አሁን ደግሞ በታመመች ልጅ ላይ እሪያ ልትጨምርባት ነው? ምን አድርጌሃለሁ? እስቲ ንገረኝ፣ እኔ ምን አድርጌሃለሁ?»

ባለ ልኳንዳው «የመጣው ቢመጣ» ሲል ይህን አስቦ ባይሆንም፣ ፎይሉን አልነካሁም። አምስት ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

«እማማ፣ አምሮት ነው» አልኳቸው።

«የማን አምሮት? ያንተ?»

«የኔ ነው እማዬ» አለች ሚስቴ፣ አንገቷን ደፍታ። «የኔ ነው። እሱ እንቢ ብሎኝ ነበር።» የመጨረሻዋ ቃል ውሸት ናት፤ ለኔ ብላ ነው።

አማቴ ዘንቢሉን መሬት አስቀመጡና ወንበር ላይ ተቀመጡ። በአንድ በኩል አሳማ በሕይወታቸው ሙሉ ስሙን እንኳ በደጃቸው አስጠርተው አያውቁም፤ በሌላ በኩል እርጉዝ የሚያምራትን የከለከለ ሰው ደግሞ አይተው ይቅር አይሉም። ስልኩ ጮኸ። ፎይሉን አነሣሁት። ጭማቂው ሳህኑ ላይ ተኝቷል፣ ሥጋው ደግሞ ወዝቷል። ቆራርጬ ለሚስቴ አቀረብኩላት።

ሹካውን አነሣች። አንዱን ቁራጭ ወጋችው፤ እስከ ከንፈሯ አደረሰችው። ከዚያ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ እያየችኝ አልችልም» አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አስጠላኝ። አማቴ አስጠሉኝ፣ ባቡሩ አስጠላኝ፤ ቶሎ ደርሶ ምን ሊሠራ ነው? ሰኞ ታየችኝ፤ አልጋው፣ የተንጠለጠለው ግሉኮስ፣ የሚስቴ ቀጭን ክንድ። አማቴ ብድግ ሲሉ መሄዳቸው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እሳቸው ግን ወደ ጓሮው ቧንቧ ነው የሄዱት። እጃቸውን በሳሙና እስከ ክርናቸው ታጠቡ። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ወንበራቸውን ከልጃቸው ፊት ለፊት ጎተቱና ተቀመጡ። ሹካውን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት።

«ለእርጉዝ በብረት ነው እንዴ የሚቀርብላት?» አሉ።

አማተቡ። ለሥጋው ይሁን፣ ለልጃቸው ይሁን፣ ለራሳቸው ይሁን አላወቅኩም። ከዚያ በልጅነታቸውም በእርጅናቸውም አሳማ ነክታ በማታውቀው በዚያች እጃቸው ከአጥንቱ ጥግ፣ ስቡ ካለበት፣ ቆርሰው እፍ አሉበት።

«በይ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

ሚስቴ አፏን ስትከፍት እሳቸውም ሳይታወቃቸው አብረው ከፈቱ፣ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው። አጎረሷት። ዓይኗን ጨፍና አኘከች። እኔ መቆንጠጫውን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜአለሁ። አማቴ ልጃቸው ጉሮሮ ላይ ዓይናቸውን ተክለዋል። ዋጠች። ጠበቅን። እስከ ዛሬ በዚህ መሀል ነበር የምትሮጠው። አልሮጠችም። ዓይኗን ገለጠች።

«ድገሚኝ እማዬ» አለች።

«ልድገምሽ እንጂ! አንድ ያጣላል» አሉ አማቴ። ሁለተኛውን አጎረሷት። ሦስተኛውን እሷ ራሷ አፏን ከፍታ ጠበቀቻቸው። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። ስቡ በጣታቸው መሀል ወርዶ እስከ አንጓቸው ደረሰ፤ አልጠረጉትም። ሚስቴ እያኘከች ትስቃለች፣ እየሳቀች ታለቅሳለች። ሳህኑ ላይ አጥንት ብቻ ሲቀር እሱንም በሁለት እጇ ይዛ ትግጠው ጀመር፤ አገጯ አበራ።

አማቴ ልጃቸው አጥንት ስትግጥ ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ እጃቸውን ከፍ አድርገው እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ደግሞ ምን ተገትረህ ታየናለህ?» አሉኝ። «ሌላ ካለ ጥበስ እንጂ!»